የቅርጫት ኳስን በባዕድ ቋንቋ መከታተል፦ በአዛይባ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

አዛይባ በሙስካት ጠቅላይ ግዛት፣ በቦሸር ዊላያ፣ ከሙስካት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ በባሕር ዳርቻ የሚገኝ የመኖሪያና የንግድ ሰፈር ነው። በሰፈሩ ከሚኖሩና ከሚሠሩ የውጭ አገር ዜጎች መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች ይገኙበታል። ቅርጫት ኳስን በቀጥታ ስርጭት መከታተል የሚወድ አማርኛ ተናጋሪ ጨዋታውን በገዛ ቋንቋው ሲተላለፍ የሚያገኘው እምብዛም አይደለም። በሳተላይት ጣቢያዎች ዓረብኛና እንግሊዝኛ፣ በኢንተርኔት ደግሞ አልፎ አልፎ ቻይንኛ ያጋጥመዋል። ይህ ጽሑፍ ተመልካቹ ቋንቋውን ሳያውቅ ጨዋታውን እንዴት ሊከታተል እንደሚችል፣ ከዚያም አልፎ ከሚሰማው ምን ሊማር እንደሚችል ያብራራል።

ቻይንኛው ከየት መጣ?

የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው ኤንቢኤ በቻይና ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የሻንጋይ ተወላጁ ያኦ ሚንግ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን ሮኬትስ በቀዳሚነት ከተመረጠ በኋላ የተመልካቹ ቁጥር እጅግ ጨመረ። የሰዓት ልዩነቱም ለቻይና የተመቸ ነው። በአሜሪካ በምሽት የሚደረግ ጨዋታ በቤጂንግ በጠዋት ይታያል። በቻይንኛ የሚተላለፍ የኤንቢኤ ስርጭት በብዛት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በሙስካት ግን ሰዓቱ ይከብዳል። ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ባሉት ወራት በኒውዮርክ ከምሽቱ 1፡30 የሚጀመር ጨዋታ በአዛይባ ከሌሊቱ 10፡30፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9፡30፣ በቤጂንግ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ይውላል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምታንቀሳቅስባቸው ወራት ደግሞ በአዛይባ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀመራል። በኦማን የሳምንቱ የዕረፍት ቀናት አርብና ቅዳሜ በመሆናቸው፣ በአሜሪካ ሐሙስ ምሽት የሚደረግ ጨዋታ እዚህ አርብ ሊነጋ ሲል ይደርሳል። አርብ የማይሠራ ሰው ከሳምንቱ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ መምረጥ ካለበት ይህ ይሻለዋል።

የዳኛው እጅ አስተርጓሚ ነው

ቋንቋ የማያውቅ ተመልካች በመጀመሪያ ሊያስተውለው የሚገባው ዳኛውን ነው። የዳኞች ምልክቶች በመላው ዓለም ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። የተጨበጠና ወደ ላይ የተነሣ አንድ እጅ ጥፋት መፈጸሙን ያሳያል። ሁለት ጭብጦች አንዱ በሌላው ዙሪያ ሲሽከረከሩ ተጫዋቹ ኳሷን ሳያነጥር መራመዱን ያመለክታሉ። ሁለቱም እጆች በሦስት ጣቶች ወደ ላይ ሲዘረጉ የሦስት ነጥብ ውርወራ ገብቷል ማለት ነው። መዳፍና ጣት ተገጣጥመው እንደ ላቲኑ የ«ቲ» ፊደል ሲሠሩ ቡድኑ የአጭር ዕረፍት ጊዜ ጠይቋል።

ቀጥሎ የሚታየው የስክሪኑ ሰሌዳ ነው። በኤንቢኤ ጨዋታው እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ሩቦች አሉት። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ደንብ ግን እያንዳንዱ ሩብ 10 ደቂቃ ነው። በኤንቢኤ ተጫዋች በ6 ጥፋት፣ በፊባ ደግሞ በ5 ጥፋት ከሜዳ ይወጣል። ከ24 ወደ ታች የሚቆጥረው ትንሹ ሰዓት አጥቂው ቡድን ኳሷን ወደ ቅርጫቱ ሳይወረውር ሊቆይ የሚችልበትን ጊዜ ያመለክታል። አንዳንድ የዓረብኛ ጣቢያዎች የምሥራቅ ዓረብ አኃዞችን ይጠቀማሉ። በእነዚህ አኃዞች ነጥብ የምትመስለው ዜሮ፣ ክብ የምትመስለው ደግሞ አምስት መሆኗን ያላወቀ ሰው ውጤቱን አሳስቶ ሊያነብ ይችላል።

ጆሮ የሚለምዳቸው ቃላት

የስፖርቱ ስም ራሱ ሦስቱን ቋንቋዎች ያገናኛል። ዓረብኛው «ኩረት አስ-ሰላ»፣ ቻይንኛው «ላንቺዩ»፣ አማርኛው «ቅርጫት ኳስ» ሲሉ ሁሉም ቅርጫትንና ኳስን ያጣመሩ ናቸው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር የፍራፍሬ ቅርጫት ሰቅሎ ነበርና ስሙ ከዚያ መጥቷል።

በቻይንኛ ስርጭት «ሳንፈን» ሦስት ነጥብ፣ «ፋንጉይ» ጥፋት፣ «ዛንቲንግ» የዕረፍት ጊዜ፣ «ላንባን» ከቅርጫቱ የተመለሰችውን ኳስ መያዝ ማለት ነው። «ሃዎ ቺዩ» ለመልካም ውርወራ የሚሰጥ አድናቆት ነው። እነዚህን አምስት ቃላት የለየ ሰው ጨዋታው በምን ላይ እንዳለ ይገነዘባል።

ዓረብኛው ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ ይቀርባል፤ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸውና። ኮሜንታተሩ «ሩብዕ» ሲል ሩብ ማለቱ ነው። «አል-ወቅት አል-ሙስተቅጠዕ» የሚለው የዕረፍት ጊዜ ስያሜ አማርኛም የሚያውቀውን «ወቅት» ይዟል። ጥፋት «ኸጠእ» ይባላል፤ ከግዕዙ «ኃጢአት» ጋር አንድ ሥር አለው። ነፃ ውርወራ «ረምያ ሑራ» ነው፤ «ሑራ» የሚለው ቃል «አርነት» ከሚለው ቃላችን ጋር ይዛመዳል። «ኸሲረ» ተሸነፈ ማለት ሲሆን፣ «ከሰረ» የሚለውን አማርኛ ያስታውሳል። መመሳሰሉ ግን አንዳንዴ ያሳስታል። «ሐከም» የጨዋታ ዳኛ እንጂ ሐኪም አይደለም። በስክሪኑ ጥግ የሚነበበው «ሙባሺር» ስርጭቱ የቀጥታ መሆኑን፣ «ኢዓዳ» ደግሞ ድጋሚ መሆኑን ይገልጻል።

ይህ ዕውቀት ከጨዋታው ውጭም ይጠቅማል። «ወቅት ኢዳፊ» በሜዳ ላይ ተጨማሪ ሰዓት ማለት ነው። በሥራ ቦታም «ኢዳፊ» የሚለው ቃል ከመደበኛው በላይ ስለተሠራ ሥራ ሲነገር ይሰማል። ቃሉን በጨዋታ የለመደ ሠራተኛ ስለ ሥራ ሰዓቱና ስለ ክፍያው በሚነጋገርበት ዕለት ትርጉሙን ከሌላ ሰው አይጠብቅም። የሥራ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ግን በሚያነበው ቋንቋ እንዲተረጎምለት ማድረግ ይኖርበታል፤ ከጨዋታ የተለመደ ቃል ለውል አይበቃምና።

ሕጋዊነትና ወጪ

የስርጭት መብት የሚሸጠው በየአገሩ ነው። ለቻይና የተፈቀደ ስርጭት በኦማን የማይከፈትበት ምክንያት ይህ ነው። በኦማን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች በሱልጣናዊ ድንጋጌ ቁጥር 65/2008 የተጠበቁ ናቸው። ያለ ፈቃድ በነፃ የሚታዩ የኢንተርኔት ስርጭቶች ከሕግ ጥያቄው በተጨማሪ ስልክን ለጎጂ ፕሮግራምና ለማጭበርበር ያጋልጣሉ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ በሚላክበት ስልክ እንዲህ ያለውን ገጽ መክፈት የወር ደመወዝን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የተሻለው መንገድ ፈቃድ ባለው ጣቢያ ወይም በሊጉ የራሱ አገልግሎት መጠቀም፣ አለዚያም ክፍያውን ከጓደኞች ጋር ተጋርቶ በአንድ ቴሌቪዥን መመልከት ነው።

ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት የሚደርስ ዳታ ሊወስድ ይችላል። አንድ የኤንቢኤ ጨዋታ በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ እስከ 7 ጊጋባይት ተኩል ሊደርስ ይችላል። የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ፍጆታውን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። የኢንተርኔት ስርጭት ከሳተላይቱ ወደ ኋላ የሚዘገይ በመሆኑም፣ በሳተላይት ከሚመለከት ወዳጁ ጋር በስልክ እያወራ የሚከታተል ሰው ውጤቱን ከማየቱ በፊት ሊሰማ ይችላል።

በጋራ መኖሪያ ለሚኖሩ

ሌሊት የሚታይ ጨዋታ የሌላውን ዕንቅልፍ መንካት የለበትም። በጋራ ክፍል ወይም በአሠሪ ቤት የሚኖር ሰው የጆሮ ማዳመጫ መጠቀሙ ተገቢ ነው። በማግስቱ መኪና የሚያሽከረክር፣ በከፍታ ላይ የሚሠራ ወይም ሕፃናት የሚጠብቅ ሠራተኛ ደግሞ ከሌሊቱ ስርጭት ይልቅ የጠዋቱን ድጋሚ ቢመርጥ ለራሱም ለሌሎችም ይበጃል። ድጋሚው የሚተላለፈው በዓረብኛ ከሆነም፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሰማ ተመልካች ልቡ ስለማይሰቀል ለቃላቱ ይበልጥ ጆሮ ይሰጣል።