የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት፤ ከትናንት እስከ ዛሬ

ሰው የማያውቀውን ቃል በዓይኑ አንብቦ ሊያልፈው ይችላል፤ ሊያስብበት ግን አይችልም። ስለዚህ የባዕድ ቋንቋን ቃላት ማካበት ለጌጥ የሚደረግ ሳይሆን የዕውቀት በር መክፈቻ መሆኑን ከታሪካችን ለማስረዳት እንወዳለን።

ኢዘንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በአድዋና በሸዋ ከቆየ በኋላ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841 እ.ኤ.አ. በለንደን አሳተመ። መጽሐፉ በይበልጥ የጠቀመው ግን አማርኛ ለመማር የሚሻውን የውጭ አገር ሰው ነበር። በአገራችን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንንም በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ እንግሊዝኛ ቢሰጥም የላቀውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። ጠላት ከተባረረበት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያስተማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ቆይቶም የመጀመሪያው ደረጃ በአማርኛ፣ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በየሕዝቡ ቋንቋ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው ደረጃ እንደ እንግሊዝኛ ጸና።

የዚህ ነገር ክብደት አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች፣ በጅማ መንገድ ባለችው በሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ባለችው በቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ባለችው በሱሉልታ ጎልቶ ይታያል። እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማረው ልጅ፣ በገበያውና በታክሲው አማርኛ ሲሰማ አድጎ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ መስከረም እንግሊዝኛ ይሆኑበታል። ቁቤ የተጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ እንግሊዝኛው የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ኤክስ የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጠ»ን፣ በእንግሊዝኛ «ክስ»ን ያሰማል። በፈተና ወድቆ ሰነፍ የሚባለው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ያነሰው አእምሮው ሳይሆን ቃሉ ነው። ይህን ሳይለዩ መፍረድ ግፍ ይመስለናል።

ታዲያ ስንት ቃል ይበቃል? የኒውዚላንዱ ሊቅ ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ መጽሐፍን ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። የቃል ቤተሰብ ማለት በእኛ ቋንቋ ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጻፊያ እንደሚባለው፣ ከአንድ ሥር የሚወጣ ዘር ነው። ይህን ያህል ቃል በዝርዝር ሸምድዶ መያዝ ያዳግታል።

የአባቶቻችን ቅኔ ቤት ግን መንገዱን አስቀድሞ አውቆት ነበር። ተማሪው የግእዙን ግስ ከነእርባታው ያጠናል፤ ያጠናውንም ቆጥሮ በሚያበጀው ቅኔ ውስጥ ያስገባዋል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ሥሩን መያዝ፣ ዘሩን መለየት፣ በራስ ድርሰት ማዋል፣ መታረም፤ የቃላት ሀብት የሚገነባው በእነዚህ በአራቱ ነው።

እንግዲህ መምህራን ይህን የቆየ ልማድ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ቢያሻግሩት፣ ተማሪውም በየቀኑ ጥቂት ቃል ይዞ በዚያው ዕለት ዐረፍተ ነገር ቢሠራበት፣ የሰበታውና የሱሉልታው ልጅ 9ኛ ክፍልን እንደ ገደል ሳይሆን እንደ ደረጃ ይወጣዋል ብለን እናምናለን።