ለአንድ ልዑል የተደረሰ ዜማ

ባሪቶን የሚባለው የአውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘዋል። በፊት ለፊቱ ከአንጀት የተሠሩ ስድስት ወይም ሰባት ጅማቶች አሉት፤ እነዚህ እንደ መሰንቆ በደጋን ይመታሉ። አስቸጋሪው ከአንገቱ በስተጀርባ ያለው ነው። አንገቱ ከኋላ ክፍት ሆኖ የብረት ክሮች ተወጥረውበታል፤ ተጫዋቹ በግራ አውራ ጣቱ እንደ ክራር ይነካቸዋል። ባይነካቸውም የፊቶቹ ጅማቶች ሲመቱ አብረው ይርገበገባሉ። መሰንቆና ክራርን ባንድ ጊዜ እንደ መጫወት ነውና የሚደፍሩት ጥቂቶች ነበሩ።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሃንጋሪው ባለጸጋ ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ነበር። በቤቱ ደግሞ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን ያገለግል ነበር። ሃይድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1761 ከልዑሉ ታላቅ ወንድም ጋር የፈረመው ውል ጥብቅ ነው። የቤቱን የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ በየቀኑ ከቀትር በፊትና በኋላ ደጅ ጠንቶ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይደርስም፤ ድርሰቱም ለሌላ አይገለበጥም።

በ1762 ወንድሙ ሞቶ ኒኮላውስ ተተካ። በ1765 መጨረሻ ላይ ልዑሉ ለባሪቶኑ የሚሆን ዜማ አነሰኝ ብሎ ሃይድንን በጽሑፍ ገሠጸው። ሃይድን ወዲያው ሥራውን ጀመረ። በጥር 1766 ሦስት ድርሰቶች ሲደርሱት ልዑሉ ተደስቶ 12 የወርቅ ዱካት እንዲሰጠው አዘዘ፤ በዚያው ትእዛዝ ግን ተመሳሳይ ስድስት እንዲጨምር ጠየቀ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ለሦስት ሰዎች የተደረሱት እነዚህ ዜማዎች ከ120 በላይ ሆኑ። በአብዛኞቹ ባሪቶኑን የሚያጅቡት ቪዮላና ቼሎ ናቸው። ቀጭን ድምፅ ያለው ቫዮሊን ስለሌለበት የልዑሉ መሣሪያ አይሸፈንም። ዜማዎቹም ለልዑሉ እጅ በሚመቹ ጥቂት ቅኝቶች የተወሰኑ ናቸው።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዲስ እንደሚተርከው፣ ልዑሉ ባሪቶን በአንድ ቅኝት ብቻ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሃይድን ይህን ተጠራጥሮ ለስድስት ወር በድብቅ፣ ያውም በሌሊት፣ የሚስቱን ቁጣ ችሎ ተለማመደ። በመጨረሻ በልዑሉ ፊት በብዙ ቅኝት ተጫወተ። ጭብጨባ ሲጠብቅ ልዑሉ ይህን ማወቅ ድሮም ሥራህ ነው በሚል መንፈስ ዝም አሰኘው። ሃይድንም ባሪቶኑን ትቶ ወደ ድርሰቱ ተመለሰ።

ከጊዜ በኋላ የልዑሉ ልብ ወደ ኦፔራ አዘነበለ፤ ባሪቶኑም ተቀመጠ። በ1779 አዲስ ውል ሲፈረም የቀድሞው እገዳ ተነሣ፤ የሃይድን ድርሰቶችም በየአገሩ እየታተሙ ተሸጡ። በ1790 ልዑሉ ሲሞት ወራሹ ኦርኬስትራውን በተነ፤ ሃይድንም ወደ ለንደን ተሻገረ። በዚያም ትኬት ቆርጦ የሚገባ ሕዝብ የሰማቸው ሲምፎኒዎቹ እስከ ዛሬ በየአገሩ ይሰማሉ። የባሪቶኑ ዜማዎች ግን የሚጫወታቸው ጠፍቶ ለረጅም ዘመን በወረቀት ላይ ቀሩ።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አንዳንድ ባለሙያዎች የጥንቱን መሣሪያ አስመስለው ሠርተው መጫወት ጀመሩ። ሃይድን የሞተበት 200ኛ ዓመት በታሰበበት በ2009 ደግሞ ኤስተርሃዚ አንሳምብል የተባለው ቡድን የሃይድንን የባሪቶን ሥራዎች በሙሉ በ21 ሲዲ ቀርጾ አወጣ። ያ ሁሉ ዜማ የተደረሰው ለአንድ ጌታ ደስታ ነበር፤ ዳግም ሕይወት የሰጡት ግን ማንም ሳያዛቸው መሣሪያውን የተማሩ ሰዎች ናቸው።