የጭነት መኪናና የኢኮኖሚ ጤንነት፤ ከናዝሬት መንገድ የሚነበብ ታሪክ

የአንድን አገር የኢኮኖሚ ሁኔታ ለማወቅ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የባንክ መግለጫን፣ የበጀት ሰነድንና የንግድ ሚዛንን ነው። እነዚህ ሰነዶች ተጠናቅረው እስኪወጡ ድረስ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያልፋል። የጭነት መኪና ከእነርሱ ቀድሞ ይናገራል፤ ነጋዴ ያላዘዘው ዕቃ፣ ገበሬ ያልሸጠው እህል፣ ፋብሪካ ያላመረተው ምርት አይጫንምና። ጀርመን ከአውሮፓውያን 2018 ጀምሮ የመንገድ ክፍያ የሚከፍሉ ከባድ መኪኖች በአውራ ጎዳናዎቿ የተጓዙትን ርቀት እያሰላች የኢንዱስትሪ እንቅስቃሴ ምልክት አድርጋ የምታወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ምልክት የሚነበብበት ሥፍራ ቢፈለግ ከናዝሬት (አዳማ) የተሻለ ማግኘት ያዳግታል። ይሁን እንጂ የዚህች ከተማ ታሪክ እንደሚያስረዳው የመኪኖችን ብዛት መቁጠር ብቻውን ያሳስታል።

ናዝሬትን መጀመሪያ ከንግድ ጋር ያገናኛት ባቡር ነው። በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ መሠራት የጀመረው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማይቱ በመሥመሩ ላይ ከሚገኙት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ መንገድ እየተስፋፋ ሄደ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፊያቶች ከነተሳቢያቸው የከተማይቱ ዘወትር እንግዶች ሆኑ። በምሥራቅ በኩል የአዋሽና የወደቡ መንገድ፣ በደቡብ በኩል የአሰላ መንገድ ከናዝሬት ይነሣል። ጥቂት ራቅ ብሎ ከሞጆ የሚገነጠለው ጎዳና ደግሞ በመቂና በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔ ይደርሳል። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ፣ ወደ ወላይታና ወደ ሞያሌ የሚወስዱት መንገዶች ይለያያሉ። የስምጥ ሸለቆ በቆሎና አትክልት፣ የአርሲ ስንዴ፣ የወንጂ ስኳርና ከወደብ የሚመጣው ሸቀጥ ሁሉ በእነዚህ ጥቂት ከተሞች ያልፋል። ነዳጅ ማደያው፣ ጋራዡ፣ ጎሚስታውና አልቤርጎው የሚኖሩት በዚሁ እንቅስቃሴ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ በሶማሊያ ጦርነት ምክንያት የጂቡቲ ሐዲድ ሲቋረጥ በባቡር ይጓጓዝ የነበረው ጭነት ወደ አሰብ መንገድ ዞረ። ያን ጊዜ መንገዱን ብቻ የተመለከተ ሰው ንግድ ደራ ሊል ይችል ነበር። የተለወጠው ግን የንግዱ መጠን ሳይሆን ማጓጓዣው ነው፤ ለዚያውም ይበልጥ ውድ በሆነ ማጓጓዣ። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ የመኪና ብዛት ከባቡሩ ጭነት ጋር ካልተደመረ ትርጉም እንደማይሰጥ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው ከአርሲ ነው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ያስረክብ ነበር። በአርሲና በጎጃም የግል ነጋዴዎች ከእህል ንግድ ታገዱ፤ በሌሎች አካባቢዎችም እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ሲሻገር ኬላ ይጠብቀው ነበር። የጭነት መኪኖችም በቀጠና ተደራጅተው በተራና መንግሥት በቆረጠው ታሪፍ ይጭኑ ነበር። ስለዚህ በአንድ በኩል ትርፍ እህል ርካሽ ሆኖ ሲቀመጥ በሌላ በኩል ገበያው ይወደድ ነበር። የመኪና መቆም የምርት እጦት ሳይሆን የሕግ እገዳ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የከበደ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወደብ ወደ መሐል አገር የሚወስዱት መንገዶች በጭነት ተጨናነቁ፤ መኪና ብርቅ ሆነ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ1978 ዓ.ም. የራሱን የጭነት ሥምሪት እስከ ማቋቋም ደረሰ። የዕርዳታ እህል መጋዘኖች ከነበሩባቸው ከተሞች አንዷ ናዝሬት ነበረች። መኪኖቹ ሙሉ ነበሩ፤ የተጫነው ግን የገዢ ፍላጎት ሳይሆን የረሀብተኛ ቀለብ ነበር። በቶን ብቻ ለሚመዝን ሰው የስኳር ኩንታልና የዕርዳታ ስንዴ ኩንታል አንድ ናቸው። ለአገር ግን አንዱ የጤና፣ ሌላው የሕመም ምልክት ነው።

በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ እገዳ ተነሣ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ የጭነት ትራንስፖርት ለነፃ ውድድር ተከፈተ። በገበያዎች መካከል የነበረው የእህል ዋጋ ልዩነትም ጠበበ። በዚህ ጊዜ የመኪናው መንቀሳቀስ በእውነት የገበያ መልእክት ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና የወደብ ጭነት ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ከዚያም የሞጆ ደረቅ ወደብ ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ጀመረ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ከወደብ ሞልተው የሚወጡት መኪኖች ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይወርዳሉ፤ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ከወጪ ዕቃዋ እጅግ ይበልጣልና። የባዶ ጉዞው ኪሣራ በመጨረሻ የሚከፈለው በሸማቹ ኪስ ነው።

እንግዲህ የጭነት መኪና ታማኝ ምስክር የሚሆነው በአግባቡ ሲጠየቅ ነው። ምን ጫነ? ወዴት ይሄዳል? ያዘዘው ገዢ ነው ወይስ ችግር? ሲመለስስ ምን ይዞ ይመለሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚያስፈልገው መረጃ በክፍያ መንገዱ መግቢያ፣ በሚዛን ጣቢያውና በደረቅ ወደቡ በር ላይ በየዕለቱ ይመዘገባል። መዝገቦቹን አስተባብሮ ማንበብ የባለሙያው ድርሻ ነው። ከናዝሬት ወደ ጂቡቲ የሚወርደው መኪና የአርሲንና የስምጥ ሸለቆን ምርት ሞልቶ መሄዱ ሲበዛ፣ ያ ቁጥር ከብዙ መግለጫ ይልቅ ስለ ኢኮኖሚው ጤንነት ይመሰክራል።