የሞጣው ጊዮርጊስ እና የኬረላው ቨርጊስ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የቤተሰብ ስምንስ ማን ያወጣዋል? እዚህ ላይ መልአኩ የለበትም። የቤተሰብ ስም የሚያወጣው ጸሐፊ ነው፤ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ የኢሚግሬሽን ጸሐፊ። ዛሬ ይህንን በአንድ የህንድ ስም ታሪክ ልናሳያችሁ አስበናል። የህንድ ስም ምን ያደርግልናል እንዳትሉ፤ ይሄኛው ስም ጎጃም ውስጥ ዘመድ አለው።

ስሙ ቨርጊስ ነው።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ቤታችሁ ካለ ስለ ህንዶቹ አስተማሪዎች ጠይቁት። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከተሞች ድረስ ሂሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ እንግሊዝኛውንም ያስተማሩ ህንዶች ነበሩ። አነጋገራቸውንና የጭንቅላታቸውን አወዛወዝ እያስመሰለ ያስቃችኋል፤ ቀጥሎ ደግሞ «የሚያስተምሩት ግን ከልባቸው ነበር» ይላችኋል። ብዙዎቹ የመጡት ከደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ ከኬረላ ነው። ስማቸው ግን ህንድ ህንድ አይልም፤ ሚስተር ቶማስ፣ ሚስተር ማቲው፣ ሚስተር ኩርያን፣ ሚስተር ቨርጊስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ያውቃቸዋል። ኩርያንና ቨርጊስስ እነማን ናቸው?

ገበሬው ሰማዕት

ነገሩ የሚጀምረው ከግሪክ ነው። በግሪክኛ «ጌ» መሬት፣ «ኤርጎን» ደግሞ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ተጋጥመው ጊዮርጊዮስ ሲሆኑ መሬት የሚሠራ፣ ማለትም ገበሬ ማለት ይሆናል። ስሙን ያስከበረው ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እኛ ጋ ጊዮርጊስ ተብሎ ገባ። ሶርያውያን ደግሞ በቋንቋቸው ጊዋርጊስ አሉት።

የኬረላ ክርስቲያኖች በትውፊታቸው ወንጌልን ከሐዋርያው ቶማስ እጅ እ.ኤ.አ. በ52 እንደተቀበሉ ይናገራሉ። ትውፊቱን ለጊዜው እንተወውና፣ እ.ኤ.አ. በ849 የአካባቢው ገዢ በኮላም ለሚገኙ ክርስቲያኖች መብት የሰጠበት፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሰነድ አለ። ስለዚህ ድሮም እዚያው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት ቅዳሴያቸው በሶርያ ቋንቋ ነበር፤ የሚናገሩት ደግሞ ማላያላም ነው። ልክ በግዕዝ ቀድሶ በአማርኛ እንደሚያወራው የእኛ ሰው ማለት ነው። የሶርያው ጊዋርጊስ በማላያላም አፍ ጊቨርጊስ ሆነ፤ ይሄ የወጉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። ቤት ሲገባ አጠረና ቨርጊስ ተባለ። የበለጠ ሲቀራረቡ ደግሞ ቨርኪ ይሉታል። ገብረ ጊዮርጊስን ገብሬ፣ ወልደ ጊዮርጊስን ወልዴ እንደምንለው።

እስቲ በተርታ አንብቡት፤ ጊዮርጊስ፣ ጊዋርጊስ፣ ጊቨርጊስ፣ ቨርጊስ። ሞጣ ጊዮርጊስንም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ያለውን ባለ ቅኔውን ዲማ ጊዮርጊስንም ያገኘነው ከዚሁ ስም ነው። ኩርያን ደግሞ ኩርያኮስ ከሚለው ያጠረ ነው፤ የእኛው ቂርቆስ! ቻኮ ያዕቆብ ነው፣ ማታይም ማቴዎስ።

አንድ ልዩነት ግን አለን። የኬረላ ሰው የቅዱሱን ስም እንዳለ ለልጁ ይሰጣል። የእኛ ሰው ግን ልጁን በደፈናው «ጊዮርጊስ» አይልም፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ እያለ ከፊት አንድ ቃል ያስቀድማል። አገልጋዩ፣ ልጁ፣ ኃይሉ እንጂ ራሱ አይደለም። ይህቺን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እንደ እኛው ነበሩ

ቨርጊስ ለረጅም ዘመን የቤተሰብ ስም አልነበረም። የአንድ ሰው ስም ነበር። በኬረላ ክርስቲያኖች ወግ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል፤ ሁለተኛው የእናቱን አባት። ከራሱ ስም ጋር የአባቱ ስም ይጠራል፣ የተወለደበት ቤት መጠሪያም ይጨመራል። እንግዲህ አያት ቨርጊስ ከሆነ አባት ማታይ ቨርጊስ ይባላል፣ ልጅ ደግሞ ቨርጊስ ማታይ። የልጅ ልጁ እንደገና ማታይ ቨርጊስ። ስሙ አንዴ ፊት አንዴ ኋላ እየሆነ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ አይተከልም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በህንድ «የወተት አባት» የሚባሉት ቨርጊስ ኩርያን (እ.ኤ.አ. 1921–2012) ናቸው። በጉጃራት አናንድ በምትባል ከተማ የገበሬዎችን የወተት ማኅበር አጠናክረው አሙል የተሰኘውን ስመ ጥር ምርት ለአገር አዳረሱ፤ ህንድን በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ያደረገውን ዘመቻም መሩ። ስማቸውን ወደ እኛ ብንመልሰው ጊዮርጊስ ቂርቆስ ነው። እዚህ ላይ ቨርጊስ ከፊት ነው። ስሙ ገበሬ ማለት የሆነ መሐንዲስ ዕድሜውን ለገበሬ መስጠቱ ደግሞ መልአኩ ሥራውን እንዳልተወ ያሳያል።

አሁን ወደ ቢቸና እንመለስ። የቢቸናው ጀግና በላይ ዘለቀ የላቀው የልጅ ልጅ ነው፤ ዘለቀ ላቀው አባቱ ናቸውና። ልጁ ደግሞ የሻሽወርቅ በላይ ትባላለች። በሦስት ትውልድ ሦስት ጊዜ የኋላ ስሙ ተቀየረ፤ ላቀው፣ ዘለቀ፣ በላይ። በፈረንጅ ሥርዓት ቢሆን ሁሉም «ላቀው» ተብለው ይቀሩ ነበር፤ አባ ኮስትርም በታሪክ መጽሐፍ «ሚስተር ላቀው» ሊባሉ ነው። በእኛ አገር ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይቆማል፣ አባቱን ከኋላው አስከትሎ።

ወረቀቱ ሲመጣ

ታዲያ ቨርጊስ እንዴት ተተከለ? የእንግሊዝ አስተዳደር ይዞት የመጣው ትምህርት ቤትና የመንግሥት መዝገብ፣ ቀጥሎም ፓስፖርት፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ነበራቸው። ቦታው ባዶ መቅረት የለበትም። አንዱ የቤቱን መጠሪያ ጻፈ፣ ሌላው የአባቱን ስም። የአባቱን ስም የጻፈው ሰው ልጅ ሲወልድ ልጁም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። ሰው አገሩን ሲለቅ ደግሞ ነገሩ ጠነከረ። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕጓን ስትለውጥ የኬረላ ነርሶች ወደዚያ ጎረፉ፤ ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ደግሞ ሌላው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደ። የአንድ አያት ስም የነበረው ቨርጊስ በኒው ዮርክም በዱባይም የበር ላይ ጽሑፍ ሆነ።

የዚህ ጉዞ አንዱ መንገድ በእኛ አገር በኩል ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚወራው ታሪክ እንዲህ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ህንድን ሲጎበኙ በኬረላ ትምህርት ተስፋፍቶ አይተው ተደነቁና አስተማሪዎች ከዚያ እንዲመጡ አዘዙ። ታሪኩ ያምራል፣ ዓመቱ ግን አይገጥምም። ፖል ቨርጊስ የተባሉት የኬረላ ሰው ኢትዮጵያ መጥተው ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። ሐኪሙና ደራሲው አብርሃም ቨርጊስም ከኬረላ ከመጡ አስተማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደው በ1955 ነው፤ ከጉብኝቱ አንድ ዓመት ቀድሞ። ስለዚህ የንጉሡ ጉዞ የነበረውን መንገድ አሰፋው እንጂ አልከፈተውም።

ፖል ቨርጊስ አማርኛ ለምደው ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1956 እንደገና መጥተው እስከ 1959 የንጉሡ አማካሪ ሆነው ሠሩ። በኋላም መነኮሱና በ1975 ጳጳስ ሲሆኑ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተባሉ፤ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከፕሬዚዳንቶቹ አንዱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 አርፈዋል። ስማቸውን በእኛ ብንጠራው ጳውሎስ ጊዮርጊስ ነው። ዲማ ቅኔ ቤት ቢገቡ ማንም ከየት መጣህ የሚላቸው አይመስለንም።

የአብርሃም ቨርጊስ ነገር ደግሞ ለጨዋታችን ዋናው ነው። ሕክምና መማር የጀመረው አዲስ አበባ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ወጥቶ ማድራስ ጨረሰ፣ ዛሬ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። በ2009 ያሳተመው ልብ ወለድ መቼቱ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ነው፤ የ2023ቱ ደግሞ ኬረላ። አባቱ ጆርጅ ቨርጊስ ይባላሉ። ጆርጅ በእንግሊዝኛ ጊዮርጊስ፣ ቨርጊስ በማላያላም ጊዮርጊስ። ጊዮርጊስ ጊዮርጊስ! በድሮው ወግ ልጁ «አብርሃም ጆርጅ» መባል ነበረበት። ግን አልተባለም፤ ቨርጊስ ተብሎ ቀረ። ስም የሚተከለው እንዲህ ነው። ማንም አዋጅ ሳያስነግር በአንድ ትውልድ ያበቃል።

ተራው የእኛ ነው

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም» ስንል ሕግ እንደተጻፈልን ብዙዎቻችን አናውቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ወጣ፣ በጋዜጣ ታተመ፣ ሕዝቡም እንደ ልማዱ ኖረ። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም መዝገባችን ላይ የሚጻፈው የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው።

ለምን እምቢ አለ? ቢያንስ በጎጃም መልሱ ቀላል ይመስለናል። ስም መቁጠር ሀብት ነበር። ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ድረስ በአባትም በእናትም ቆጥሮ፣ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» ብሎ በማስረዳት ነበር። የባለ ርስቱ ማኅደር ጭንቅላቱ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምጽ ሞጣና ቢቸና የአመጹ ዋና ቦታዎች ነበሩ፤ ከስጋቶቹ አንዱም መሬቱ ተለክቶ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ርስቱ ይሄዳል የሚል ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ትልቁ ጥቅም አብሮ ሄደ። የቀረው ጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ።

የቤተሰብ ስም በመንግሥት አዋጅ ያልገባልን ቢሆንም በቪዛ በኩል ግን እየገባልን ነው። ውጭ አገር የሄደ ወገናችን ቅጹ ላይ የአባቱን ስም ይጽፋል። ልጁ አሜሪካ ሲወለድ ያው ስም ይሰጠዋል። ሚስትም እዚህ ብትሆን በአባቷ ስም እንደተጠራች ትኖር ነበር፤ እዚያ ግን የእናት፣ የአባትና የልጅ የኋላ ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ የኤርፖርት ሠራተኛ «ይሄ ልጅ ያንቺ ነው?» ሲላት ይሰለቻትና የባሏን አባት ስም ትወስዳለች። አማቷ በሕይወት ኖረው ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አናውቅም፤ የእሷ አባት ግን ከመዝገቡ ወጡ።

ያቺ ያዙልን ያልናችሁ ልዩነትም የምትመጣው አሁን ነው። ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል አባት ያለው ሰው ስሙን ነጣጥሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ «ወልደ»ን መካከለኛ ስም ያደርግና «ጊዮርጊስ»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ጥቂት ቆይቶ ወልደ ይጣላል። የሞጣ ሰው የልጅ ልጅ በባዕድ አገር ጊዮርጊስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አጠገቡ ያለው የኬረላ ልጅ ደግሞ ቨርጊስ ነው። ሁለቱም የአንድ ቅዱስ ስም ይዘው፣ አንዳቸውም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ጎን ለጎን ይማራሉ።

ይሄ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም። ስደት የራሱ ግድ አለው፤ ቅጹም ባዶ አይተውም። የቨርጊስ ታሪክ የሚነግረን ግን አንድ ነገር ነው። ስሙ ራሱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ዓለምን ሞላ። የጠፋው ከስሙ ኋላ የነበረው ሰልፍ ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ በየትውልዱ የሚናገረው። የእኛ ሰው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲል ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ስም ማለቱ ነው እንጂ የአንድ አያትን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ቅጹን ሙሉት፤ ምርጫ የለም። ግን ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሰባት ቤት ጻፉ። በአባት ሰባት፣ በእናትም ሰባት። የማታውቁትን የሚያውቁ አያት ካሉ ዛሬውኑ ስልክ ደውሉ፤ ነገ አይባልም። እኛም ጀምረነዋል። በአባት በኩል ያለው ቶሎ ሞላ። በእናት በኩል ገና ሦስተኛው ላይ ነን።

ቸር እንሰንብት።