ምንሽር የማን ስም ነው?

በደብረ ማርቆስ ሠርግ ፉከራው ሲደምቅ «ምንሽር» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ቃሉ አማርኛ ይመስላል እንጂ የሰው ስም ነው። ፈርዲናንድ ማንሊኸር ጀርመንኛ ተናጋሪ የኦስትሪያ መሐንዲስ ነበር፤ ጥይትን ከነማቀፊያው በአንዴ የማጉረሻ ዘዴውን ጣሊያኖች በ1891 እ.ኤ.አ. ጠመንጃቸው ላይ አዋሉት። በ1928 ዓ.ም. ሲወሩን ያንኑ ታጥቀው መጡ።

የጎጃም አርበኛ የጠመንጃ ፋብሪካ አልነበረውም። ከጠላት እጅ ማረከ፤ ስሙንም ለአንደበቱ እንዲመች አድርጎ አማርኛ አደረገው። (ውጅግራም ቢሆን «ፉዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ ነው።) ጥይቱም የሚገኘው ከዚያው ከጠላት ስለነበር፣ እንደ ዛሬው ሠርግ ለድምቀት ወደ ሰማይ ቢተኩሱት ለነገው ውጊያ ይጎድላል።

በቤታችሁ አሮጌ ምንሽር ካለ አያታችሁን ጠይቁ፦ ተገዛ ወይስ ተማረከ?