ሕመሙን መናገር ለማይችል ታማሚ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና በእንግሊዝ

በእንግሊዝ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚቀርበው በአካባቢው ለተመዘገበበት የቤተሰብ ሐኪም ነው። አሠራሩ ታማሚው ሕመሙን ራሱ ያውቃል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ምልክቱንም በቃሉ ያስረዳል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት አዋቂ ግን ሦስቱም ሊከብዱት ይችላሉ። ሕመሙ በቃል ሳይሆን በጩኸት፣ ምግብ በመተው፣ ራስን በመምታት ወይም ባልተለመደ ዝምታ ሊገለጥ ይችላል።

አንዱ አደጋ ውስንነቱ በሽታውን መሸፈኑ ነው። የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ቁስለት ወይም የሆድ ድርቀት ያመጣው የጠባይ ለውጥ የውስንነቱ ባሕርይ ተደርጎ ከታለፈ በቀላሉ ሊታከም የሚችል ሕመም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነና በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የ247 ሰዎችን ሞት የመረመረ ጥናት፣ ውስንነቱ ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶች ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል።

ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች ዋነኛው ዓመታዊ የጤና ምርመራ ነው። በ2008 እና በ2009 መካከል ለአዋቂዎች የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁሉ እንዲያካትት ተደርጓል። የቤተሰብ ሐኪሙ ውስንነቱ ያለባቸውን ሰዎች መዝግቦ ይይዛል፤ ታማሚው እስኪመጣም ሳይጠብቅ ራሱ ይጠራዋል። በምርመራው ክብደት፣ የደም ግፊት፣ እይታና መስማት ይታያሉ፤ የሚወሰዱት መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ይገመገማሉ። ይበልጥ ትኩረት የሚሹት የሚጥል በሽታ፣ የሆድ ድርቀትና የመዋጥ ችግር ናቸው። በመዋጥ ችግር ምክንያት ምግብ ወይም ምራቅ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላልና። ዳውን ሲንድሮም ላለበት ሰው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ይጨመርለታል፤ የመርሳት በሽታም ከተለመደው ቀደም ባለ ዕድሜ ሊጀምረው ስለሚችል ምልክቶቹን መከታተል ያስፈልጋል። ምርመራው ሲያበቃ ቀጣዩን ሥራ የሚዘረዝር የጽሑፍ ዕቅድ ይዘጋጃል።

ምርመራው እንዲሳካ ጤና ጣቢያው አሠራሩን ለታማሚው ማመቻቸት አለበት። የ2010 የእኩልነት ሕግ ይህን ግዴታ አድርጎታል። ረዘም ያለ ቀጠሮ፣ ወረፋ የሌለበት ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በሥዕልና በቀላል ቃላት የተዘጋጀ የጥሪ ደብዳቤ፣ መርፌ ለሚፈራም ቆዳ የሚያደነዝዝ ቅባት ከማመቻቸት ይቆጠራሉ።

ፈቃድን በተመለከተ በ2005 የወጣው የውሳኔ ችሎታ ሕግ ማንኛውም አዋቂ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ለራሱ መወሰን እንደሚችል ይደነግጋል። ችሎታው የሚመዘነው ለእያንዳንዱ ውሳኔ ለየብቻ ነው፤ ደም ለመቀዳት መስማማት የሚችል ሰው ከባድ ቀዶ ሕክምናን ማመዛዘን ሊያቅተው ይችላል። ተደግፎም መወሰን ካልቻለ ውሳኔው ለእርሱ በሚበጀው መንገድ ይሰጣል። አስታማሚ ስለ ታማሚው ልማድ ብዙ ያውቃል፤ በእርሱ ምትክ የመፍቀድ ሥልጣን ግን ከዝምድና ብቻ አይመነጭም። ታማሚውን ለብቻው ማነጋገርም ተገቢ ነው፤ በደል ወይም ቸልታ የሚፈጽመው አብሮት የመጣው ሰው ሊሆን ይችላልና። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲቀርብለት የአካባቢው አስተዳደር እንዲያጣራ የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ ያስገድደዋል።

የመድኃኒት ግምገማው ክብደት በ2015 ጎልቶ ታይቷል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በዚያ ዓመት ባወጣው ግምት፣ ውስንነቱ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑት መድኃኒቱ የሚታዘዝለት ሕመም ሳይኖርባቸው የሥነ አእምሮ ወይም የድብርት መድኃኒት በየቀኑ ይወስዱ ነበር። ይህንኑ ለመቀነስ በ2016 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀምሯል። ይሁንና መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ዓመታዊው ምርመራ በራሱ አያድንም። ጥቅሙ የሚለካው የተገኘው ሕመም በመታከሙ፣ የተጻፈው ዕቅድም በሥራ ላይ በመዋሉ ነው።