የሎንደኑ ባቡር ቦምብ እና የኛ አዋጅ

ታሪክ ሳስተምር ደስ የሚለኝ ነገር፣ ሩቅ አገር የሆነ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የኛን በር እንዴት እንደሚያንኳኳ ማሳየት ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፤ "ቲቸር ደግሞ ከየት ወደ የት ሄደ?" ትሉኝ ነበር። ዛሬም እንደዛው ነው። ከሎንደን የምድር ውስጥ ባቡር ተነስተን አዲስ አበባ ፍርድ ቤት እንደርሳለን። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በነሱ ጁላይ 7 ቀን 2005። ከአንድ ቀን በፊት ሎንደን የ2012ን ኦሎምፒክ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ሕዝቡ ሲጨፍር ነው ያመሸው። ጠዋት ለሦስት ሰዓት አስር ጉዳይ፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጋፋበት ሰዓት፣ ሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮች ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ታቪስቶክ አደባባይ ላይ የአንድ ባለ ፎቅ አውቶብስ ጣሪያ ተገንጥሎ ተጣለ። ከአራቱ አጥፊዎች ሌላ 52 ሰው ሞተ፣ ከ700 በላይ ቆሰለ። ከአጥፊዎቹ ሦስቱ እዛው እንግሊዝ የተወለዱ ናቸው። ቦምቡን ቤት ውስጥ ሠርተው በጀርባ ቦርሳ ተሸክመው ነው እንደማንኛውም ተሳፋሪ የገቡት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ለምን ባቡርና አውቶብስ?

አውሮፕላን ላይ ለመውጣት ቀበቶህን ሳይቀር አውልቀህ ትፈተሻለህ። የሎንደን የምድር ውስጥ ባቡር ግን በዛን ጊዜ በቀን ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ያመላልስ ነበር። ይሄን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እፈትሻለሁ ብትል ባቡሩ ሥራውን ያቆማል። ሰልፉም ራሱ ሌላ ኢላማ ይሆናል። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ማታ ላይ ያለውን የታክሲ ሰልፍ አስቡትና ይገባችኋል። የሕዝብ ትራንስፖርት የሚሠራው በሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው። አጥቂውም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ስለዚህ መንግሥት በሩን መዝጋት አይችልም። ግን ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ ሕዝቡ ፈርቷል፣ "ምን አደረጋችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዞች ከዛ በኋላ የሄዱበትን መንገድ በሁለት ከፍዬ ላሳያችሁ፤ አንዱ የፖሊስ እጅ ነው፣ ሁለተኛው ሕግ።

መጀመሪያ የፖሊሱ። ከጥቃቱ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 21፣ ሌሎች አራት ሰዎች ያንኑ ሊደግሙት ሞከሩ፤ ቦምባቸው ከሸፈና አመለጡ። በማግስቱ ፖሊስ የአንዱን ተፈላጊ መኖሪያ ሕንፃ ከቦ ይጠብቃል። ተፈላጊው ሁሴን ኦስማን የሚባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ከሕንፃው የወጣው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ፣ የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ፖሊሶቹ ተከትለውት ስቶክዌል ጣቢያ ባቡር ውስጥ ገቡና ጭንቅላቱን ሰባት ጊዜ ተኩሰው ገደሉት። ልጁ ምንም አልያዘም፤ ወደ ሥራው እየሄደ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይሄ ነው። ኦስማን በሳምንቱ ሮም ላይ ተያዘ፤ ኋላም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ለሜኔዜስ ሞት ግን አንድም ፖሊስ በግሉ አልተከሰሰም፤ መሥሪያ ቤቱ 175 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ፣ በቃ።

ያለ ምንም ጥርጣሬ መንገደኛ አስቁሞ የመፈተሽ ሥልጣንም ነበር። ሕጉ የቆየ ቢሆንም ከጥቃቱ በኋላ በጣም ተሠራበት። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ባለው የበጀት ዓመት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ሥልጣን ተፈተሸ። ከነዚህ ውስጥ በሽብር ወንጀል የተያዘ ስንት ነው? ዜሮ። በመጨረሻ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሥልጣኑ መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነና ተሻረ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ጥቃቱ በደረሰ በወሩ የጨዋታው ሕግ እየተለወጠ ነው ብለው ተናገሩ። ከዛም ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርት 90 ቀን አስሮ እንዲያቆይ ይፈቀድልኝ ብለው ፓርላማ ገቡ። ሬሳው ገና ከተቀበረ አራት ወሩ ነው፤ "እምቢ" ማለት ከሽብርተኛ ጋር መወገን ሊመስል ይችል ነበር። ሆኖም ፓርላማው 322 ለ291 ጣለባቸው። ከራሳቸው ፓርቲ 49 ሰዎች ተቃውመዋቸዋል። የተፈቀደው ቢበዛ 28 ቀን ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 14 ተመለሰ።

በዚሁ በ2006 በወጣው ሕግ አንደኛው አንቀጽ ላይ አዲስ ወንጀል ገባ፤ ሽብርን "በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያበረታታል" ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ነገር ማተም። ቅጣቱ በዛን ጊዜ ከፍተኛው 7 ዓመት ነው። ግን ፍሬን ነበረው። ከሳሹ ጸሐፊው ሆን ብሎ ወይም ግድ ሳይሰጠው እንዳደረገው ማስረዳት አለበት።

አሁን አገራችን ገባን።

እኛም ጋ ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ለእንጀራቸው የወጡ ሰዎች ሞተዋል። በዓመቱ፣ በ2001፣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኋላ ፓርላማ ቀርበው ሕጉ ከዓለም ምርጥ ሕጎች ቃል በቃል የተቀዳ ነው ብለው ተከራክረዋል። አንቀጽ 6ን ላነበበ እውነት ነው፤ የእንግሊዙ የ2006 ሕግ ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብሏል። "ሆን ብሎ ወይም ግድ ሳይሰጠው" የሚለው ፍሬን ግን የለም። ቅጣቱ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሆነ።

28 ቀኑንም ተመልከቱ። እንግሊዝ ውስጥ 28 ቀን ጣሪያ ነበር፤ ከዛ በላይ አይቻልም። የኛ አዋጅ አንቀጽ 20 ለፖሊስ ምርመራ የሚሰጠው እያንዳንዱ ቀጠሮ "ከ28 ቀን የማያንስ" ይላል፣ በጠቅላላው እስከ አራት ወር። የነሱ ጣሪያ የኛ ወለል ሆነ ማለት ነው።

የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2004 ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በዚህ አዋጅ 18 ዓመት ተፈረደበት። በ2006 የዞን 9 ጦማሪያን ታሰሩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፣ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። አዋጁ በ1176/2012 እስኪተካ አሥር ዓመት ከምናምን ሠርቷል።

ሽብር የለም፣ ሕግም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ታክሲ ተሳፍሮ የሞተ ሰው ቤተሰብ ፊት እንዲህ ማለት ነውር ነው። መንግሥት ተሳፋሪውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጣቢያ ላይ የቆመው ፈታሽ ከጊዜ በኋላ ይደክመዋል፣ ይሄዳል። በድንጋጤ ሰሞን የተጻፈ አንቀጽ ግን ይቆያል፤ ያን ጥቃት ወዳላየ አገር ይሻገራል፣ ቦምብ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ያስራል። እንግሊዝ ውስጥ አንቀጹን የሚገታ ፓርላማና ፍርድ ቤት ነበረ፤ እዛም ሆኖ ሜኔዜስን አላዳነውም። እኛ የወሰድነው አንቀጹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ በተለይ ሕግ የምታጠኑና መሥሪያ ቤት የገባችሁ፣ ወደፊት "ለደህንነታችሁ ነው" የሚል ሕግ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ያለፈውን ጥቃት ቢኖር ኖሮ ያስቆመው ነበር ወይ? ሥልጣኑን ያላግባብ የተጠቀመን ሰው የሚይዘው ማነው? መቼ ነው የሚያበቃው? የሚመልስላችሁ ካጣችሁ፣ ረቂቁ ገና አላለቀም ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሕግ ሲሆን ግን የፈሰሰው ሰው ነው፤ መልቀሙ ከባድ ነው።

ሀሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የማትስማሙም ጻፉ፣ ስድብ ብቻ ይቅር። ቸር እንሰንብት።